ጫካ ውስጥ ማማ አይታይም፦ ከጅማ የጨዋታ ማስታወሻ

ባለፈው ቅዳሜ አብረውኝ የሚጫወቱት ልጆች በጨዋታችን ደን ውስጥ የደበቅኩትን የፈረሰ ኬላ ራሳቸው አገኙት። ካርታ አላሳየኋቸውም፣ አልጠቆምኳቸውም። ለሌላው ሰው ተራ ነገር ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ክረምቱን ሙሉ ስታገል የነበረው በዚህ ስለሆነ ሳልጽፈው ማለፍ አልቻልኩም።

ለአዲስ ገቢዎች በአጭሩ፦ ጨዋታው በጠረጴዛ ዙሪያ በቃል የሚሄድ ነው። አንዱ ዓለሙን ይተርካል፤ ሌሎቹ አንድ አንድ ሰው ሆነው ይገቡበታል፤ አጠራጣሪውን ዳይስ ይፈርደዋል። እንደ አባት የሚቆጠረው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። እኛ የምንጫወተው በሉዶ ዳይስ፣ ብዙ ጊዜ መብራት ሲጠፋ በሻማ ነው። ሕጉን አሳጥሬ በአማርኛ ጻፍኩት። ካርታውን ባለ ስድስት ጎን ቤቶች አድርጌ ከፈልኩት፤ ስድስቱም ጎረቤት ቤቶች ከመሃሉ እኩል ይርቃሉ። በአራት ማዕዘን ሲሆን በሰያፍ የሄደ ሰው 1.4 እጥፍ ይጓዛል፣ ጭቅጭቅ ነው። እስከዚህ ቀላል ነበር።

ጣጣው የመጣው ደኑ ውስጥ ሲገቡ ነው።

የደኑን ሐሳብ ያገኘሁት ከዚሁ ከሰፈራችን ታሪክ ነው። በጊቤ መንግሥታት ዘመን ጅማ፣ ሊሙ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ በድንበራቸው ላይ ሆን ብለው ሳያርሱ የሚተዉት ጠፍ መሬት ነበር፤ ሞጋ ይሉታል። መግቢያና መውጫው ኬላ ብቻ ነው። እንግዲህ አስቡት፦ በሁለት መንግሥታት መሃል ማንም የማያርሰው ሰፊ ዱር። እኔ መንግሥታቱን አጠፋኋቸው፣ ዱሩን መቶ ዓመት አሳደግኩት፣ ጥቂት ጭራቅ ጨመርኩበት። አለቀ።

ግን ተጫዋቹ መንገዱን የሚያገኘው በምንድን ነው? የምታገኙት ምክር ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፦ ከሩቅ የሚታይ ምልክት አቁም፣ ማማ፣ ሐውልት፣ ግዙፍ ዛፍ። ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ወደ 5 ኪሎ ሜትር ያያል፣ ስለዚህ ምልክቶችህን በዚያ ልክ በትን ይሉሃል። ሜዳ ላይ እሺ። ከጅማ ወደ ቦንጋ ሲኬድ በለጠ ደን ውስጥ ወርዶ የሚያውቅ ሰው ግን ይስቃል። እኛ ጋ የሳቀው ጌራ ያደገው ጓደኛችን ነው። «በስተ ሰሜን የፈረሰ ማማ ይታያችኋል» ስል አቋረጠኝ።

«ኧረ ባክህ! ቀረሮ ዛፍ ሥር ቆሜ ማማ የማየው በምን ዓይኔ ነው? ሰማዩም አይታይም እኮ። ደግሞ ሰሜን የት ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ ዓይንን ትቼ በጆሮ፣ በእግርና በአፍንጫ ጀመርኩ። አሁን እያንዳንዱን ምልክት ሦስት ጊዜ እጽፈዋለሁ፦ ከሩቅ ምን ይሰማል፣ ሲቀርቡ ከእግር በታች ምን ይለወጣል፣ ሲደርሱ እጅ ምን ይነካል። ፏፏቴው ከሩቅ ድምፅ ነው። ሲቀርብ መሬቱ ይረጥባል፣ ድንጋዩ ሽበት ያወጣል። ሲደርሱ ብቻ ነው ፏፏቴ የምለው። ጉሬዛ ንጋት ላይ ሲጮህ በጣም ከሩቅ ይሰማል፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ጉሬዛ ከየት በኩል እንደጮኸ እነግራቸዋለሁ። ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ምንም ካልጮኸ፣ እዚያ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ይህን ለመያዝ ጊዜ አልፈጀባቸውም።

ኬላውን ያገኙትም እንዲህ ነው። በምሥራቅ በኩል ጉሬዛ ዝም አለ። ወደዚያው ሲሄዱ መሬቱ ቁልቁል ወርዶ ቅጠል የሞላው ረጅም ቦይ ሆነ፤ ማዶው ደግሞ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሁለቱ ተጫዋቾች ወንዝ የደረቀበት ነው ብለው ሊያልፉ ነበር። እኔም በተለመደው ድምፄ፣ ከቦዩ ማዶ ከጥላው ሥር ቡና አለ፣ ፍሬው ሳይለቀም ረግፏል፣ ግንዶቹ በመስመር ቆመዋል አልኩ። የጌራው ልጅ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ቡና ራሱን በመስመር አይተክልም። ሰው ነበረበት። ቦዩም የተቆፈረ ነው፣ ምሽግ ነው።»

ከዚህ የተነሣ በፍርስራሽ ላይ አቋሜ ከረረ። በእኛ አገር ዓይነት ደን ውስጥ የድንጋይ ግንብ መደርደር ስንፍና ይመስለኛል። ጅሬን ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እንኳ ዋናው ነገሩ እንጨት ነው፤ የቆመው ጠባቂ ስላለው ነው። እንጨት ቤት ደን ውስጥ ሲተው ምን ይቀራል? የምሰሶ ጉድጓድ፣ ሦስት ጉልቻ፣ የወፍጮ ድንጋይ፣ ቦይ። እነዚህ ይበቃሉ።

ሀብቱንም እንዲሁ። ማርያ ትሬዛ ብር ከአፈር ቢወጣ ያስኬዳል። በጣም የምወደው ግን አሞሌ፣ ያ ድሮ እንደ ገንዘብ የሚያገለግለው ጨው ነው። ጨው እርጥበት አይችልም፣ በክረምት ይሟሟል። ስለዚህ ጣሪያ በሌለው ፍርስራሽ ውስጥ ደረቅ አሞሌ ተደርድሮ ካገኛችሁ ሀብት አይደለም፤ ያስቀመጠው ሰው ቅርብ ነው። ይህን ሲረዱ ድምፃቸውን ቀነሱ፤ ጭራቅ ሳላወጣ።

በነገራችን ላይ አደጋን በዳይስ የምታወጡ ከሆነ ስሌቱን እዩት። በቀን አራት ጊዜ ጥላችሁ 1 ሲወጣ አደጋ መጣ ካላችሁ፣ ቢያንስ አንድ አደጋ የመምጣቱ ዕድል 52 በመቶ ገደማ ነው። ከሁለት ቀን በአንዱ ውጊያ ማለት ነው፤ ፍርስራሹን ማንም አያየውም። እኔ ሁለቴ ብቻ እጥላለሁ፣ ወደ 31 በመቶ ይወርዳል። 1 ቢወጣም መጀመሪያ የሚመጣው ዱካ ወይም ሽታ እንጂ አውሬው አይደለም። መቶ መስመር ያለው የጭራቅ ሰንጠረዥም አልወድም፤ አንዱን ስፈልግ ሻማው ያልቃል።

ካርታ ለተጫዋች አትስጡ፣ ራሳቸው ይሣሉ። የእኛዎቹ የሣሉት ጠማማ ነው፣ ቦዩን ወንዝ ላይ አጋጭተውታል፤ አላርመውም።

ያልተፈታው ሌሊቱ ነው። በጨለማ ጆሮም ያታልላል፤ ሁሉም ነገር ቅርብ ይመስላል፣ ተጫዋቾቹም እሳት አንድደው እስኪነጋ ከመቀመጥ ውጭ የሚያደርጉት የለም። እኔም «ነጋ» እያልኩ እዘለዋለሁ። ዘዴ ያላችሁ ወዲህ በሉ፤ ቅዳሜ ከቦዩ ማዶ ያድራሉ።