ስለ ቻይና ዕድገት ስታስተምሩ ከኮታ ጀምሩ

በጅማ ኮሌጅ አዳራሽ ስለ ቻይና ኢኮኖሚ ለሕዝብ የሚያስረዳ ሰው ብዙ ጊዜ በሼንዘን ፎቆች ይጀምራል። አድማጩም ወዲያው የከተማውን ኢንዱስትሪ ፓርክ ያስባል፣ ወሬው ከፋብሪካ ሳይወጣ ያልቃል። ሼንዘን ልዩ የኢኮኖሚ ቀጣና የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ቀድሞ የተነካው የእህል ዋጋ ነበር። ይህን ደግሞ የጅማ ሰው ቶሎ ይረዳል፤ በደርግ ጊዜ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተቆረጠ ዋጋ ያስረከቡ አባቶች ዛሬም አሉ።

ሰሌዳው ላይ በቆሎ ጻፉ። ብሩ ለምሳሌ ነው፣ መቶኛው ግን የቻይና ነው። ኮታው፣ ማለትም ለመንግሥት በግዴታ የሚሸጠው፣ 10 ኩንታል፣ ምርቱ 15፣ የኮታው ዋጋ በኩንታል 100 ብር ይሁን። ከኮታ በላይ ለሚሸጠው የሚጨመረው 30 በመቶ ስለነበር ጠቅላላው 1,650 ብር ይመጣል። በ1979 (የቻይና ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የኮታው ዋጋ በ20 በመቶ ተነሣ፣ ጭማሪውም 50 በመቶ ሆነ፤ 10 በ120፣ 5 በ180፣ ድምሩ 2,100።

እዚህ ላይ እንዳትቆሙ። ዋናው ጉዳይ 16ኛው ኩንታል ነው። በኮምዩኑ፣ ማለትም በጋራ እርሻው ሥርዓት 30 አባወራ ያለበት ቡድን ገቢውን በሥራ ነጥብ ይከፋፈል ነበር፤ ከተጨማሪው 130 ብር ላመረተው ሰው የሚደርሰው 4 ብር ከምናምን ነው። መሬቱ ለየቤቱ በኮንትራት ሲሰጥ 180ው በሙሉ የእሱ ሆነ። በአንሁይ ክፍለ ሀገር የሺያኦጋንግ 18 ገበሬዎች በ1978 መጨረሻ በድብቅ የፈረሙት ይህንኑ ነው። ከ1958 በኋላ የመጣው ረሃብ አካባቢያቸውን ክፉኛ መትቶት ስለነበር፣ ከመካከላቸው የሚታሰር ቢኖር ልጆቹን ለማሳደግ ጭምር ተማምለዋል። በዚያው ታኅሣሥ የተሰበሰበው የፓርቲው ጉባኤ ግን መሬት ለየቤቱ መከፋፈልን የሚከለክል ረቂቅ ነበር ያወጣው። በግልጽ የተፈቀደው በ1982 ነው።

የዘመን አቆጣጠሩን አስታርቁ፤ ብዙ ተናጋሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ያ ታኅሣሥ በእኛ 1971 ነው። እነሱ ኮምዩኑን ማላላት ሲጀምሩ፣ እኛ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የገበሬዎች አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት መመሪያ አወጣን። ከዚህ የበለጠ የሚያሳምም ንጽጽር ለአዳራሹ አይገኝም።

የእህል ምርቱ በ1978 ከነበረበት 305 ሚሊዮን ቶን ገደማ በ1984 ወደ 407 ሚሊዮን ደረሰ። የዕድገቱን ምክንያት ሁሉ ለኮንትራቱ መስጠት ግን ስሕተት ነው፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከውጭ የተገዙት 13 ትልልቅ የማዳበሪያ ፋብሪካዎችና የተዳቀለው ሩዝ ድርሻ አላቸው።

የሁለት ዋጋ ሥርዓቱንም አትዝለሉት። አንዱ ብረት መንግሥት በወሰነው የዕቅድ ዋጋ ርካሽ፣ በገበያ ውድ ሲሆን፣ ሹሙ በዕቅድ ገዝቶ በገበያ ይሸጣል። በ1988 የዋጋ ንረቱ ከ18 በመቶ አለፈ።

«መሬቱ ተሸጠ ወይ?» ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። አልተሸጠም፤ የመንደሩ የጋራ ንብረት እንደሆነ ቀረ። የኮንትራቱ ዘመን በ1984 15 ዓመት፣ ከ1993 ጀምሮ 30 ዓመት ተደረገ።