የረገፈውን ሳይቆጥሩ ማሽኑን መውቀስ

መሬት ላይ የወደቀ ፍሬ ቆሞ ለሚያይ ሰው አይታይም። ገለባ ሥር ይገባል፣ አፈሩን ይመስላል፤ ምርቱ ተመዝኖ ሲጎድል ደግሞ ጥፋቱ ለዝናቡ፣ ለዘሩ ወይም አጭዶ ለሚወቃው ማሽን፣ ለኮምባይነሩ፣ ይሰጣል። ከመካሰሱ በፊት መቁጠር ይቀድማል። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

በሽቦ ወይም በቀጭን እንጨት ጎንና ጎኑ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ሥሩ፤ ሩብ ካሬ ሜትር ማለት ነው። 1000 ፍሬው 40 ግራም በሚመዝን ስንዴ፣ በዚህ ውስጥ 62 ፍሬ ከተለቀመ በሄክታር አንድ ኩንታል መሬት ላይ ቀርቷል። በሄክታር 100 ኪሎ፣ በካሬ ሜትር 10 ግራም፣ በሩቡ 2.5 ግራም፤ ሒሳቡ ይኸው ነው። 1000 ፍሬው 160 ግራም ለሆነ አኩሪ አተር 16 ፍሬ ብቻ ይበቃል። ሰሊጥን ግን እንዲህ እቆጥራለሁ ማለት ዓይን ማድከም ነው፤ ለአንድ ኩንታል ከ800 በላይ ደቃቅ ፍሬ ከአፈር ስንጥቅ መልቀም ይጠይቃል። ለእሱ ፍሬውን የያዘው ሽፋን፣ ቆባው፣ ሳይከፈት በመደዳዎቹ መካከል ጨርቅ አንጥፎ የወደቀውን መመዘን ይሻላል።

ቁም ነገሩ የሚቆጠርበት ቦታ ነው። ኮምባይነሩ እያጨደ ሳለ ይቁም፣ ከ5 እስከ 6 ሜትር ወደ ኋላ ይመለስ፣ ሞተሩ ይጥፋ። መጀመሪያ ገና ካልታጨደው ሰብል ሥር ቁጠሩ፤ ይህ በራሱ የረገፈው ነው። ቀጥሎ የፊት ማጨጃው ያለፈበት፣ ከኋላ የሚወጣው ገለባ ግን ያልደረሰበት ባዶ መሬት ላይ፤ በመጨረሻ ከማሽኑ ኋላ። በየቦታው አራት ማዕዘኑን ቢያንስ አራት ጊዜ እየጣሉ አማካዩን መያዝ ያስፈልጋል። ለምሳሌ 12፣ 45 እና 50 ቢመጣ፣ ከቆመው ሰብል የረገፈው 12፣ ማጨጃው ያራገፈው 33፣ በማሽኑ ውስጥ ፍሬውን ከገለባ ከሚለየው ወንፊት ያመለጠው 5 ብቻ ነው። እዚህ ላይ የወንፊቱን ንፋስ የሚነካካ ሰው በሽታውን ትቶ ጤናውን እያከመ ነው። (ገለባው ተበትኖ ሳይሆን በጠባብ መስመር የሚወድቅ ከሆነ የኋላው ቁጥር ከእውነቱ በላይ እንደሚያብጥ አትርሱ።)

ፍሬው ለምን ይወድቃል? ለዱር ተክል መርገፍ ጥፋት ሳይሆን መራቢያ ነው። በሩዝ ፍሬው ከእንጨቱ በሚገናኝበት ቦታ ላይ መለያያ የሆነ የሕዋስ ንጣፍ ይፈጠራል፤ ኤስ ኤች 4 የተባለው ዘረመል በዚህ ላይ ያለው ሚና በ2006 ታውቋል። በዱር ገብስ ደግሞ የዛላው አጥንት ራሱ በየአንጓው ይሰበራል። የዛሬው የዳቦ ስንዴ ዛላ አይሰበርም፤ ፍሬውን ያቀፈው ገለፈት ግን ሲደርቅ ይላላል፣ ዛላ ከዛላ በነፋስ ሲፋተግ ፍሬው ይሾልካል። በአኩሪ አተር የቆባው ሁለት ግድግዳዎች ሲደርቁ ተጠማዘው ይፈነዳሉ። ከሁሉ የሚከፋው ዝናብ ሲዘንብ መርጠብ፣ ፀሐይ ሲወጣ መድረቅ፣ እንደገና መርጠብ ነው፤ በእያንዳንዱ ዙር መጋጠሚያው ይደክማል። ጨርሶ የማይረግፍ ዝርያም መፍትሔ አይደለም፤ አውድማ ላይ ፍሬውን አልለቅም ብሎ ያስቸግራል።

ስለዚህ አብዛኛው ነገር በቀን ምርጫ ያልቃል። ሩዝ ከፍሬው ከ80 እስከ 85 በመቶው የገለባ ቀለም ሲይዝና እርጥበቱ ከ20 እስከ 25 በመቶ ሲሆን ይታጨዳል። ስንዴ ማድረቂያ ካለ ከ18 እስከ 20 በመቶ ላይ መጀመር ይቻላል፤ ከሌለ እስኪደርቅ መጠበቅ ግድ ነው፣ ያኔ ግን አንድም ቀን አይባክን። አኩሪ አተር 13 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ይጀመር። ከ11 በታች ከወረደ ቆባው ሲነኩት ይፈነዳልና ሥራውን ወደ ጠዋትና ወደ ማታ ማዞር፣ ቀትርን መተው።

ሰሊጥ የራሱ ጠባይ አለው። የታችኛው ቆባ ሲደርስ ጫፉ ገና ያብባል፤ የላዩን እጠብቃለሁ ያለ የታቹን ይከስራል። ቅጠሉ ሲረግፍ፣ ግንዱና የታችኛው ቆባ ወደ ቢጫ ሲያደላ መቁረጥ ነው። ቆባው የሚከፈተው ከአናቱ ነውና እንደ ቆመ ኩባያ ፍሬውን ይይዛል፣ ሲያዘነብሉት ያፈሳል። ነዶው ታስሮ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ሲደርቅ ሸራው ወደ ነዶው ይምጣ እንጂ ነዶው ወደ ሸራ አይጓዝ። ሸራው ላይ ደፍቶ በዱላ መታ መታ ማድረግ፣ መልሶ ማቆም፣ ከቀናት በኋላ መድገም። ቆባው የማይከፈት ሰሊጥ በ1943 ቬኔዙዌላ ውስጥ ተገኝቶ ነበር፤ እሱም ፍሬውን ለመልቀቅ አስቸጋሪ ሆነ።

በማጭድ ለሚያጭድ ዋናው ስለት ነው፤ የዶለዶመ ማጭድ አይቆርጥም፣ ይጎትታል፣ እያንዳንዱ ጉተታ ዛላውን ያንቀጠቅጠዋል። እፍኙን መወርወር ሳይሆን ዛላውን በአንድ አቅጣጫ ማጋደም። ኮምባይነርም ላይ መጀመሪያ የሚታየው ቢላው ነው። ቀጥሎ ሰብሉን ወደ ቢላው የሚያጎነብሰው መሽከርከሪያ፦ የጫፉ ፍጥነት ከማሽኑ ጉዞ ከ10 እስከ 25 በመቶ ብቻ ይብለጥ። ከዚያ ከፈጠነ ዛላውን ይደበድባል፤ ከዘገየ ሰብሉን ወደ ፊት ይገፋል። ሰብሉ በጣም ከደረቀ መሽከርከሪያውን ከማፍጠን ጉዞውን መቀነስ ይቀድማል።

የተጋሸበ፣ ማለትም ሰብሉ የተኛበት ማሳና አበቃቀሉ ያልተስተካከለ ማሳ ግን በማሽን ማስተካከያ አይድንም፤ ግማሹ ሲረግፍ ግማሹ እሸት ነው። ያ ስህተት የተሠራው ዘሩ በተለያየ ጥልቀት ሲገባ ወይም ናይትሮጅን ሲበዛ ነው።

የረገፈው ደግሞ በዚያው አይቀርም። በሄክታር አንድ ኩንታል ስንዴ ማለት በካሬ ሜትር 250 ፍሬ ነው፤ አንድ ሙሉ ዘር እንደ ተዘራ ይቆጠራል። ቀጣዩ ዝናብ ሲጥል ገቦ ሆኖ፣ ማለትም ሳይዘሩት በራሱ ይበቅላል፣ ዋግ የተባለው የስንዴ በሽታም ከአንዱ ወቅት ወደ ሌላው የሚሻገረው በእንዲህ ያለ አረንጓዴ ቡቃያ ላይ ነው። ከአጨዳ በኋላ መሬቱን በስሱ ጫር ጫር አድርጎ እንዲበቅል መፍቀድ፣ ከዚያ አዲሱ ዘር ከመግባቱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ከሥሩ ማጥፋት።