ውሃ መጣ!

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ ወገኖቼ። ይህን ምስክርነት በጉባኤያችን ፊት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም እንባ አቋርጦኛል። በጽሑፍ ይሻለኝ ይሆናል ብዬ ነው።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። እኛ ብሎክ ውሃ በፈረቃ ነው፣ ያውም ሌሊት። ሲመጣም ግፊቱ እኛ ጋ አይደርስም። ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ቀድቶ፣ 20 ሊትር ጀሪካን ይዞ ደረጃውን መውጣት ነው።

ምድር ላይ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። እማማ ነው የምንላቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ውሃ ሲመጣ ከታች ሆነው ይጣሩልኛል፤ እኔ ወርጄ መጀመሪያ የእሳቸውን በርሜል እሞላለሁ። እሳቸው ኦርቶዶክስ፣ እኔ ጴንጤ። በዚህ ተጣልተን አናውቅም።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። ታናሽ እህቴን ቀብረን ከተመለስን በኋላ ለእግዚአብሔር ፊቴን አዞርኩበት። ጾመን ነበር። ጸልየን ነበር። አልተነሣችም። ከዚያ ወዲያ ስምንት ወር ሙሉ በግሌ አልጸለይኩም። እሑድ እሑድ መድረክ ላይ ቆሜ «ለምኑ ይሰጣችሁማል» ብዬ እሰብካለሁ፤ ሌሊት ጀሪካን ተሸክሜ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትንፋሼ ሲያጥር «ውሃውን እንኳ በቀን ማድረግ አቃተህ?» እለዋለሁ። ምእመኖቼ ይቅር በሉኝ። ውሃው በቀን እንዲመጣ አብረን ጸልየን ስለነበር ያም ሳይመለስ ሲቀር ቂሜ ላይ ተጨመረ።

ባለፈው ክረምት፣ ሐምሌ 17 ማታ ነው። መብራት ከቀን ጀምሮ ጠፍቷል። ዝናቡ አላባራም። የሰባት ዓመቷ ልጄ ጉንፋን ይዟት ትንቀጠቀጣለች። ባለቤቴ በረንዳ ላይ ከሰል አቀጣጥላ አጥሚት ሠራችላት። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋ «እንግዲህ አይጎዳም» ብዬ ምድጃውን ወደ መኝታ ቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ። መስኮቱን የዘጋሁትም እኔ ነኝ። ሦስታችንም አንድ ክፍል ውስጥ ተኛን።

«ፓስተር! ውሃ መጣ!»

በሕልሜ መሰለኝ። «መጣሁ እማማ» ልል ፈለግኩ። ምላሴ አልታዘዘኝም። ራሴን በመዶሻ የሚመቱኝ ያህል ያመኛል፤ እንቅልፉ ግን ጣፋጭ ነው። ምነው ቢተዉኝ ብዬ አሰብኩ። ደግመው ተጣሩ። ከዚያ ዝም አሉ።

ቀጥሎ ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁ። ቀስ ያለ ኮቴ። ይቆማል፣ ይቀጥላል። «በስመ አብ» ይላሉ፣ ይቆማሉ። ያንን ጉልበት ይዘው አራት ፎቅ! እንዲህ ወጥተው አያውቁም። በመጀመሪያ በመዳፋቸው አንኳኩ። ከዚያ በያዙት ባዶ ጀሪካን የብረቱን በር ይደበድቡት ጀመር። ያ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

እግሬን ከአልጋ አወረድኩ። የራሴ እግር አልመስልህ አለኝ። ወደቅኩ። በጨለማው ስዳብስ እጄ የልጄን እግር ነካ። ያዝኩት። አልተንቀሳቀሰም። የጮህኩ መሰለኝ፤ ድምፅ ግን አልወጣኝም። ከስምንት ወር በኋላ የጸለይኩት ያኔ ነው። «ጌታ ሆይ» ብቻ። ሌላ ቃል አልነበረኝም።

በደረቴ እየተሳብኩ ሳሎኑን አቋረጥኩ። መቀርቀሪያው ያለው ከበሩ ላይኛው በኩል ነው። ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ሁለት ጊዜ ወደቅኩ። እማማ መደብደባቸውን አልተዉም። በሦስተኛው እጄ ብረቱን አገኘው። በሩ ተከፍቶ ብርዱ ፊቴን ሲመታኝ፣ «ኧረ የሰው ያለህ! ቅዱስ ገብርኤል ድረስ!» ሲሉ ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ቁርጥራጭ ነው የማስታውሰው። የብሎኩ ወጣቶች ባለቤቴንና ልጄን በጋቢ ጠቅልለው አወረዱ። ጥበቃችን በባዶ እግሩ ጭቃው ውስጥ ይሮጣል። አንድ ሰው ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደውላል። ሁለተኛ ፎቅ ያለው የታክሲ ሹፌር ግን «እስኪመጣ አንጠብቅም» ብሎ መኪናውን አስነሣ። እግዚአብሔር ዘመንህን ይባርክ ወንድሜ፤ የነዳጁን እንኳ አልተቀበልከኝም።

ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ስንደርስ ወዲያው ኦክስጅን ተደረገልን። ሐኪሙ ቆይቶ አስረዳኝ። የከሰል ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ደማችንን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ጭሱ ጠፋ ማለት መርዙ ጠፋ ማለት አይደለም። እባካችሁ ወገኖቼ፣ ከሰል ሰው በሚተኛበት ቤት አታስገቡ። በእኔ ይብቃ።

ባለቤቴ ቶሎ ነቃች። ልጄ ግን አልነቃችም። አልጋዋ ጫፍ ተቀምጬ የኦክስጅኑን ጭምብል አያለሁ። በጉም ይሸፈናል፣ ይጠራል። ይሸፈናል፣ ይጠራል። ሳልጠራው አንድ ቃል ከአፌ ወጣ፦ «እነሆ፥ እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም አያንቀላፋምም።» ስንት ጊዜ ሰብኬበታለሁ! እኔ ተኝቼ ነበር። እሱ አልተኛም። ለካስ እኔ ስረግመው በኖርኩት የሌሊት ውሃ ነቅቶ ይጠብቀኝ ነበር። በቀን መጥቶ ቢሆን ማን ደጄን ያንኳኳ ነበር?

ስለ እህቴ ግን ዛሬም መልስ የለኝም። ያንን አልደብቅም። ቁጣዬን ግን እዚያች አልጋ አጠገብ ተንበርክኬ አስረከብኩት።

ሊነጋጋ ሲል ልጄ ዓይኗን ገለጠች። «አባዬ፣ እማማ ለምን በር ይመታሉ?» አለችኝ። ሰምታቸው ነበር! ነርሷ ዞር ብላ ዓይኗን ጠረገች።

የባለቤቴ ራስ ምታት ለመተው ሁለት ወር ፈጀ። ዛሬ ደህና ናት፤ ስሙ ይባረክ።

እማማን ለማመስገን ስንሄድ እግራቸው ላይ ወደቅኩ፤ «ተው ልጄ» ብለው አነሡኝ። ለምን ወጡ ስላቸው፣ «ለሐምሌ ገብርኤል ነጠላዬን ላጥብ ውሃ ስጠብቅ ነበራ። አንተ ደግሞ ጠርቼህ ዝም ብለህ አታውቅም» አሉኝ።

ትናንት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ውሃ መጥቶ ነበር። «ፓስተር!» ሲሉ ከአልጋ ዘልዬ ወረድኩ። የእማማን በርሜል ሞልቼ የእኛን ልቀዳ ስመለስ፣ ልጄ ባዶ የዘይት ጀሪካን ይዛ፣ ሹራቧን ገልብጣ ለብሳ፣ ቧንቧው ጋ ተራ ይዛልኝ ቆማለች።