የጎሃው ብርሃንና የወለቃው ድንጋይ

ሰሞኑን ጎንደር ውስጥ ሰማይ ላይ ስለታየው ብርሃን ያላወራ የለም። ከጎሃ ኮረብታ በላይ ብቅ ብሎ ወደ አዘዞ ሄደ ይላሉ፤ አንዱ አረንጓዴ ነው ሲል ሌላው እሳት ይመስላል ይላል። እኔ ቤት ውስጥ ነበርኩ፣ አላየሁም። የሰፈር ልጆች ግን በስልክ ቀርጸውት ኖሮ እሱን ደጋግሜ አየሁት። ጎረቤታችን ጋሼ "ይኼስ ለደግም አይደል" አሉ። ልጃቸው ደግሞ ድሮን ነው ብሎ ደምድሟል።

እኔን የገረመኝ ብርሃኑ ቀስ ብሎ መሄዱ ነው። ተወርዋሪ ኮከብ በሰከንድ ከ11 እስከ 72 ኪሎ ሜትር ስለሚምዘገዘግ "ኧረ እዩት!" ብለህ ሳትጨርስ ይጠፋል። ይሄኛው ግን ግማሽ ደቂቃ አልፎትም ገና ሰማይ ላይ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ተሰባብሮ ቁርጥራጮቹ እንደ ሠርግ መኪና ተሰልፈው ሄዱ። እንዲህ የሚሄደው ብዙ ጊዜ ዕድሜውን የጨረሰ ሳተላይት ወይም የሮኬት አካል ነው፤ ወደ ምድር ሲመለስ ፍጥነቱ በሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ደግሞም የሚነደው በብዙ አሥር ኪሎ ሜትሮች ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ "ጎሃ ጀርባ ወደቀ" የተባለው ነገር በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ ሊሆን ይችላል።

ይሄን እያወራሁ እያለ ነው ድንጋዩ የመጣው። አንድ የማውቀው ባለባጃጅ ወለቃ አካባቢ ከእርሻ ዳር አገኘሁት ብሎ በፌስታል ጠቅልሎ ይዞት መጣ። ጥቁር ነው፣ ከበድ ይላል፣ አንድ ጎኑ እንደ ጠርሙስ ያብረቀርቃል። ከሰማይ የወረደ ድንጋይ በዶላር ይሸጣል የሚለው ወሬ ቀድሞ ደርሶታል መሰለኝ፣ ከእጁ ለማስለቀቅ ራሱ ስንት ልመና ፈጀ።

የተበላሸ ስፒከር ማግኔት አስጠጋሁበት፤ ሳበው፣ ግን ደከም አድርጎ። ልጁ ደስ አለው። ማግኔት ብቻውን ግን ምስክር አይሆንም፤ የእኛ አገር ጥቁር ድንጋይም ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን ስላለበት ማግኔት ይስበዋል። ድንጋዩን ውኃ ውስጥ ከትቼ ክብደቱን ሳሰላው እኩል መጠን ካለው ውኃ ሦስት እጥፍ ገደማ ሆነ። የሰማይ ብረት ቢሆን ሰባት እጥፍ ማለፍ ነበረበት። ከሰማይ የሚወርድ ተራ ድንጋይ ግን ከሦስት ትንሽ ነው የሚበልጠው፣ ስለዚህ ይሄም አልቆረጠልኝም።

የቆረጠልኝ የተሰበረው ጫፉ ነው። ውስጡ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ አንዳንዱ የምስር ፍሬ ያክላል። አንዱ ጉድጓድ ውስጥ የከሰል ስባሪ ተጣብቋል፤ በመርፌ ስነካው ጣቴን አጠቆረው። ከሰማይ የወረደ ድንጋይ እንዲህ ያለ አረፋ የሚኖረው ከስንት አንዴ ነው፤ ከሰል ይዞ መምጣቱማ ጭራሽ የማይታሰብ ነው። ይሄ ብረት ሲቀልጥ የሚቀር ዝቃጭ ነው። ወለቃ ደግሞ የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች፤ ወደ እስራኤል ከመሄዳቸው በፊት ብረቱንም ሸክላውንም የሚሠሩት እነሱ ነበሩ። ወናፍ ሲነፋበት በኖረ መሬት ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢገኝ ምን ይገርማል? ድሮም እዚያው ነበር፣ ብርሃኑ እስኪታይ ድረስ ጎንበስ ብሎ ያየው ሰው ስላልነበረ እንጂ። እውነቱን ለመናገር እኔ ከሳተላይት ቁራጭ ይልቅ ይሄ ነው ደስ የሚለኝ።

ለልጁ ሁሉንም አስረዳሁት። ዝም ብሎ ሰማኝና "እሺ፣ ታዲያ ማግኔቱ ለምን ሳበው?" አለኝ። ድንጋዩን መልሶ በፌስታሉ ጠቅልሎ ሄደ። አንድ ደላላ ፎቶውን ላክልኝ ብሎታል አሉ።