ወፍጮው ይዘጋ ወይስ ይፍጭ?

የፊልም ድምፅ ቀጂ ነኝ። በእኔ ሥራ ቀረጻ ቦታ ሲመረጥ ከዓይን ጆሮ ይቀድማል። ጄኔሬተር በየት በኩል አለ? አጠገቡ ጋራዥ አለ ወይ? አዛን በስንት ሰዓት ነው? ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ይወጣል? ወሎ ውስጥ ስትቀርጽ የመጨረሻዎቹን ሁለቱንም መጠየቅ አለብህ። ሐይቅ ከተማ ላይ የገጠመኝ ግን ከዚህ ሁሉ ለየት ያለ ነው።

ፊልሙ የፍቅር ድራማ ነው። ስፖንሰር የለውም። ጓደኛሞች ካላቸው አዋጥተው የሚሠሩት ዓይነት ነው። ልጁ ወፍጮ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። ልጅቷ ደግሞ ፓስፖርቷን አውጥታ ወደ አረብ አገር ልትሄድ ነው፤ እሱ ግን አያውቅም። በዚያ መንገድ ልጁን ያልሸኘ የወሎ ቤተሰብ ቢያንስ ጎረቤቱን ሸኝቷል። ስለዚህ ልጅቷ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ የምትነግርበት ትዕይንት ካልተሳካ ፊልሙ አልቆለታል።

ስክሪፕቱ «ወፍጮው ቆሟል፤ ሁለቱ በለሆሳስ ያወራሉ» ይላል። ፕሮዳክሽን ማናጀራችንም ባለቤቱን አነጋግሮ፣ ለግማሽ ቀን እንዲዘጋ ከፍሎ ጨርሷል።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስንደርስ ደጃፉ በሴቶች ተሞልቷል። ጥር ነው፣ የሰርግ ሰሞን። አንዷ ጤፍ፣ አንዷ ማሽላ፣ አንዷ በርበሬ ይዛለች። ወፍጮው ሊዘጋ ነው ሲባል ጫጫታው ለጉድ ሆነ። «ነገ ድግስ አለብኝ፤ እንግዳው ፊልም ይበላል?» አለች አንዷ። እውነቷን ነው። ባለቤቱ በእኛና በደንበኞቹ መሀል ተጨነቀ። ዳይሬክተራችን ሰዓቱን ያያል። ካሜራማኑ ፀሐይዋ አናት ላይ ሳትወጣ ቶሎ በሉ ይላል።

እኔ ጥግ ላይ ማይኬን እያዘጋጀሁ ነበር። አጠገቤ ማዳበሪያቸው ላይ የተቀመጡ እናት ታሪኩ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ኧረ ልጄ፣ ወፍጮውን ዘግታችሁማ ማን የልቡን ያወራል? አገሩ ሁሉ ጆሮውን ቀስሮ!»

«እንዴት እማማ?»

«እኛ በልጅነታችን ምንጭ ስንወርድ ነበር የምንገናኝ። ኋላ ወፍጮ መጣና ሰው ሁሉ እዚህ ሆነ። ይኼ ሲያጓራ ጎንህ የቆመው ሰው አይሰማህም። ያኔ ነው እንጂ የሚወራ!»

አንዲት ወጣት ከኋላቸው «እሳቸውም እንዲሁ ነው የተዳሩት» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። እሳቸውም አልካዱም።

ሄጄ ለዳይሬክተሩ እንዳሉት ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «ድምፁስ?» አለኝ። «እሱን ለእኔ ተወው» አልኩት።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ወፍጮ እየጮኸ ንግግር ብትቀዳ ኤዲቲንግ ላይ ጉድ ይፈላል። ካሜራው ከልጁ ፊት ወደ ልጅቷ ፊት በተቆረጠ ቁጥር የወፍጮው ድምፅም አብሮ ይዘላል። እህል ሲገባ ድምፁ ይወፍራል፣ ባዶውን ሲዞር ይቀጥናል። ሁለት ቀረጻ አንድ ዓይነት አይሆንም። የተዋናዮቹ ቃል ከወፍጮው ጋር አንድ ላይ ከተቀዳ ደግሞ በኋላ መለየት ጭንቅ ነው።

ስለዚህ ሥራውን ለሦስት ከፈልነው። መጀመሪያ ወፍጮው እየፈጨ ምስሉን ቀረጽን፤ ትንንሽ ማይኮች ከልጅቷ ነጠላ ሥርና ከልጁ ሸሚዝ ውስጥ ሸጉጠን። የዚህ ቅጂ ጥቅሙ በኋላ የሚቀዳውን ንግግር ከከንፈራቸው እንቅስቃሴ ጋር ለማገጣጠም መምሪያ መሆን ነው። ቀጥሎ ወፍጮውን ብቻውን ቀዳሁት፦ ጤፍ ሲፈጭ፣ ማሽላ ሲፈጭ፣ ባዶውን ሲዞር፣ ሲጠፋ። በመጨረሻ ሁለቱን ተዋናዮች ወዲያው፣ ስሜቱ ሳይበርድ፣ ጀርባ ያለች ጸጥ ያለች ክፍል አስገብቼ ያንኑ ንግግር አስደገምኳቸው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሰው ጫጫታ ውስጥ ሲሆን ሳያውቀው ድምፁ ይጨምራል። ኤትየን ሎምባርድ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ይህንን በ1911 እ.ኤ.አ. ጽፎታል፤ በስሙም ይጠራል። ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ግን ተዋናዩ ወዲያው ወደ ሹክሹክታ ይመለሳል። ያንን ወፍጮ ላይ ብትለጥፈው ተመልካች ውሸቱን ያውቅብሃል። ስለዚህ የቀዳሁትን የወፍጮ ድምፅ በሄድፎን ጆሯቸው ውስጥ ከፍ አድርጌ ለቀቅኩላቸው። ጉሮሯቸው እንደገና ተገተረ። ልጅቷ «እሄዳለሁ አልኩህ እኮ!» ስትል የአንገቷ ሥር ሲነሳ አየሁ። በለሆሳስ ብትለው ያ አይመጣም ነበር።

ምስሉ ላይም ብዙ ነገር ተገኘ። እውነተኛው የወፍጮ ሠራተኛ ለተዋናያችን ዱቄቱ መላሙን እንዴት እንደሚያይ አሳየው፦ ከወፍጮው አፍ ላይ ቆንጠር አድርጎ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል አሸት ማድረግ። ልጁ ወሬውን ሲሰማ ጣቱ ዱቄቱን ማሸቱን አላቆመም። ልሞ ካለቀ በኋላም ያሻዋል። ሽፋሽፍቱ ነጭ ነው። እሷ ጆሮው ሥር ተጠግታ ታወራለች። ከኋላቸው የተሰለፉት ሴቶች ያያሉ፣ አይሰሙም። ስክሪፕቱ ላይ ሁለት ሰው ብቻ ነበር የተጻፈው። ትንሽ ከተማ ውስጥ ግን ለብቻህ ሆነህ አታፈቅርም፤ ሰው እያየህ ነው። ይህን ለፊልሙ የሰጡት እነዚያ ሴቶች ናቸው።

ባለቤቱ ወፍጮው ስላልተዘጋ የመዝጊያውን ብር አልወስድም አለ። ማናጀራችን በዚያው ብር የሴቶቹን ሁሉ ማስፈጫ ከፈለ። «እንግዳው ፊልም ይበላል?» ያሉን የሰርጉ ሰዎች በማግሥቱ ድግሱ ላይ ጠርተውናል፤ ሄደናል።

ኤዲቲንግ ላይ በአምባሰል ቅኝት የተመታ ማሲንቆ ገብቶበት ነበር። ከአራቱ ቅኝቶች አምባሰልና ባቲ ስማቸውም የወሎ ነውና ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ግን ማሲንቆው ሲገባ ወፍጮው ጌጥ ሆነ። አወጣነው።

አሁን የቀረን አንድ ክርክር ነው። መጨረሻ ላይ ልጁ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ አንድ ነገር ይላታል። ንጹሕ ቅጂው አለኝ። ዳይሬክተሩ ተመልካች ይስማው ይላል። እኔ ወፍጮው ይሸፍነው ባይ ነኝ፤ ሴቶቹ ካልሰሙት እኛም አንስማው።