በየኅዳሩ የተወለወለው ባጅ

ፖስታው ውስጥ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተዋጉ የአንድ ጀርመናዊ ወታደር አምስት ነገር ነበር፤ ሁለት የብረት መስቀል የሚባል ሜዳይ (አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ)፣ የዉርተምበርግ (ያኔ በጀርመን ውስጥ የራሱ ጦር የነበረው መንግሥት) ወታደራዊ የብር ሜዳይ፣ አንድ የቁስለኛ ባጅ፣ በፖስታ ካርድ ወረቀት ላይ የታተመ የወታደር ፎቶግራፍ። ከአምስት ዓመት በፊት እንዲህ ያሉ የወታደር ዕቃዎችን ከሚመረምረው ቢሯችን የወጣው ሪፖርት ስለ ባጁ የሚለው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «የብር ደረጃ፤ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ቆስሏል።»

የልጅ ልጃቸው ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። የመጡት ስለ ሌላ ጉዳይ ነበር፤ ፎቶው የተነሣበትን ከተማ ማወቅ ፈልገው። ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ ስንዘረጋ ባጁን አንሥተው በአውራ ጣታቸው አሹት።

«ይህን አያቴ በየኅዳሩ ትወለውለው ነበር፤ በሙታን መታሰቢያ እሑድ ዋዜማ። እሷ ስትሞት እናቴ ቀጠለች፤ አሁን ደግሞ እኔ።»

«በምንድን ነው የሚወለውሉት?»

«በብረት ማጽጃ ቅባት ነዋ። መጀመሪያ ጥቁር ነበር አሉ፤ በኋላ እያበራ መጣ።»

ክፍሉ ውስጥ የነበርን ሁላችን ዝም አልን።

የቁስለኛ ባጅ በጀርመን ጦር የተደነገገው መጋቢት 3 ቀን 1918 ነው (ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የቆሰለ ጥቁር፣ ሦስት ወይም አራት ጊዜ የቆሰለ ብርማ፣ አምስትና ከዚያ በላይ የቆሰለ ወርቃማ ይሰጠው ነበር። በቀደሙት የጦርነቱ ዓመታት የደረሰ ቁስልም ይቆጠራል። ጥቁሩ ከስስ ቆርቆሮ ብረት ተቀርጾ በጥቁር ቀለም የተቀባ ነው። ቀለሙ ስስ ስለሆነ ማጽጃ ቅባት በጥቂት ዓመት ውስጥ ከጎበጡት ቦታዎች ያነሣዋል። ከሥሩ የሚወጣው እርቃን ብረት በደንብ ከተወለወለ በጠረጴዛ መብራት ሥር ብር ይመስላል። ሪፖርቱን የጻፈው አንጋፋ ባልደረባችን ያየው ይህንን ነው። ገልብጦ ጀርባውን አላየም፤ ማጉያም አልያዘም።

ማግኔት ስናስጠጋ ባጁ ተለጠፈ። ይህ ብረት መሆኑን ይነግራል እንጂ ላዩ ምን እንደተቀባ አይነግርም። መልሱ የተገኘው በ10 እጥፍ ማጉያ፣ መብራቱን ከጎን ዝቅ አድርጎ በማየት ነው። ጨርቅ የማይደርስባቸው ጎድጓዳዎች አሉ፤ የሎረል ቅጠሎቹ መሃል፣ ሁለቱ ሰይፎች ከራስ ቁሩ ጠርዝ ሥር የሚገቡበት ቦታ። እዚያ ጥቁሩ ቀለም አለ፤ ከላዩ የደረቀ ነጭ የማጽጃ ዝቃጭ ተጋግሯል። የብር ልባጥ ግን የትም የለም። ልባጥ ቢኖር ኖሮ ከሁሉ ይልቅ ሊተርፍ የሚገባው እዚያው ጎድጓዳው ውስጥ ነበር።

በጣም ያናደደኝ ፎቶው ነው፤ አምስት ዓመት ሙሉ በዚያው ፖስታ ውስጥ ነበር። ፊቱንም ጀርባውንም በከፍተኛ ጥራት ስካን አደረግነው። የትከሻው ቁጥር 124 ነው፤ ሰፈሩ ቫይንጋርተን ከተማ የነበረ የዉርተምበርግ እግረኛ ሬጅመንት። ባጁ ደረቱ ላይ ስላለ ፎቶው ከመጋቢት 1918 በፊት ሊነሣ አይችልም። በግራ ደረቱ ላይ የአንደኛ ደረጃው መስቀል የብር ጠርዝ ቦግ ብሎ ያበራል። ከሥሩ ያለው ባጅ በዚያው ብርሃን ከደንብ ልብሱ ይልቅ ጨልሟል። የዚያን ዘመን ፊልም ቀይን እንደ ጥቁር፣ ሰማያዊን እንደ ነጭ ስለሚያወጣ የጥብጣብና የክፈፍ ቀለም ከፎቶ መገመት አይገባም። ጥቁር ቀለምንና ብርን ለመለየት ግን ይህ ችግር የለውም፤ ሊያሳስት የሚችለው የብርሃኑ ማዕዘን ብቻ ነው። ስለዚህ ነው ከጎኑ ካለ እርግጠኛ ብር ጋር ማነጻጸር የሚያስፈልገው።

ቀሪው የወረቀት ሥራ ነበር። የዉርተምበርግ ወታደሮች የጦርነት መዝገብ ሽቱትጋርት በሚገኘው ቤተ መዛግብት ተርፏል፤ ሜዳይም፣ ቁስልም፣ የተሳተፉበት ውጊያም ይጻፍበታል። የእሳቸው ገጽ ላይ ያለው አንድ ቁስል ነው፤ 1915፣ አርጎን ጫካ፣ ቀላል፣ ቀኝ ክንድ። በታተመው የጉዳተኞች ዝርዝርም ስማቸው የወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የፕሩሲያ (የጀርመን ትልቁ ግዛት) ወታደር ቢሆኑ ኖሮ ይህ በር ዝግ ነው፤ የፕሩሲያ ጦር መዛግብት አብዛኛው ሚያዝያ 14 ቀን 1945 ፖትስዳም ላይ በአየር ድብደባ ነደደ። ያኔ ባጁና ፎቶው ብቻ ምስክር ይሆኑ ነበር።

ለሴትዮዋ ስንነግራቸው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ።

«አያቴ አንድ ጊዜ ክንዱን እንደተመታ ነበር የሚነግረን። ሪፖርታችሁ ሲመጣ ሁለቱን ደብቆናል አልን። እናቴ እስክትሞት ድረስ ለምን እንደደበቃት ታስብ ነበር።»

«አልደበቁም። እውነቱን ነው የነገሯችሁ፤ የተሳሳትነው እኛ ነን።»

አንጋፋው ባልደረባችን በኋላ «ቤተሰቡ ደስ ብሎት ነበር፣ ምን አስነካው?» አለ። በዚህ ጨርሶ አልስማማም። ለሞተ ሰው ሁለት ቁስል መጨመር ማክበር አይደለም። እናትየዋ የተጨነቁባቸውን ዓመታትም የሚመልስ የለም። እርማቱ ያለ ክፍያ፣ በቢሮው ማኅተም፣ ስህተቱ የማን እንደሆነ ተጽፎበት ወጣ።

ሴትዮዋ ባጁን መልሰው ጥቁር ለማስቀባት ጠየቁ። አይቀባም። አዲስ ቀለም በጎድጓዳው የተረፈውን የመጀመሪያውን ይሸፍነዋል፤ ማስረጃው ደግሞ እሱ ነው። ማጽጃ ቅባትም ከእንግዲህ አይነካውም። እርቃን ብረት ከጣት ላብ ስለሚዝግ በጥጥ ጓንት ይያዛል፤ ስስ የሰም ሽፋን ተደርጎለት ከአሲድ ነፃ በሆነ ወረቀት ተጠቅልሎ ከፎቶው ተለይቶ ይቀመጣል። አዲሱ መስመር እንዲህ ይላል፤ «ጥቁር ደረጃ። በመወልወል ብዛት ቀለሙ ለቋል። አንድ ጊዜ ቆስሏል፤ 1915።»