ጋቢና

ዛሬ ጠዋት አያት ላይ ታክሲ ስጠብቅ አጎቴ የሚነዳው ሚኒባስ መጣ። «ነይ፣ ጋቢና ግቢ» አለኝ። ሁሌም እንዲህ ነው። ካየኝ ጋቢናውን ለሌላ ሰው አይሰጥም፤ ሒሳብም አይቀበለኝም። ገብቼ በሩን ስዘጋው ሽታው መጣ። ማስቲካ ያኝካል። ከማስቲካው ሥር ግን አረቄው አለ።

ገና ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነበር።

ምንም አላልኩም። ሲኤምሲ ሚካኤልን ስናልፍ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ አማተበ። ትንሽ እልፍ እንዳልን ዜብራው ላይ ዩኒፎርም የለበሱ ሁለት ልጆች ገቡ። እኔ አይቻቸዋለሁ። እሱ ያያቸው ዘግይቶ ነው። ፍሬኑን ሲረግጠው ከኋላ ያሉት ሁሉ ወደ ፊት ተወረወሩ። ትልቋ ልጅ ትንሿን በቦርሳዋ ማንገቻ ጎትታ አወጣቻት። «ቀስ በል እንጂ ሹፌር!» አለ አንድ ሰውዬ። ጋሼ፣ አጎቴ፣ ልጆቹን ተሳደበ። ረዳቱ ግን ዞሮ እኔን አየኝ። ያ ልጅ ሁሉንም ያውቃል። እንጀራው ስለሆነ አይናገርም።

መገናኛ ስንደርስ ወርጄ ቆምኩ። ተሳፋሪዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ። አሥራ ሁለት ናቸው። አንዷ ሕፃን አዝላለች። ሒሳባቸውን ከፍለው፣ አምነው የገቡ ሰዎች ናቸው። እኔ የማውቀውን እነሱ አያውቁም። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ቁጭ ብዬ ከዚህ ሐሳብ መውጣት አቃተኝ።

አጎቴ የእናቴ ወንድም ነው። ያሳደገኝ እሱ ነው። ትምህርት ቤት «ወላጅ ይምጣ» ሲባል የሚመጣው እሱ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ታምሜ ስተኛ ሥራውን ትቶ ሦስት ቀን አጠገቤ ቁጭ ብሏል። የዚያን ሳምንት የባለንብረቱን ገቢ ተበድሮ እንደሞላው ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ዛሬ እንዲህ ባልተጨነቅኩ።

ሳንሞክር ቀርተን አይደለም። ሽማግሌ ተቀምጧል። ጠበል ሄዶ ሁለት ሱባኤ ጨርሶ መጥቷል፤ ያን ጊዜ ፊቱ እንኳ ተለውጦ ነበር። አምና ለኅዳር ጽዮን የንስሐ አባቱ ፊት ማለ። እስከ ገና ቆየ። የሱስ ሕክምና እንውሰደው ስል ባለቤቱ ደነገጠች። «አማኑኤል ልትወስጂው? ሰፈሩ አበደ ይለዋል» አለች። እኔ ጠበሉንም ሕክምናውንም አንድ ላይ ቢያደርገው ደስ ይለኛል። አንዱ ሌላውን የሚከለክል አይመስለኝም።

ጋሼ ሁልጊዜ የሚለው አንድ ነገር አለ። «ተኝቼበት ነው የተነሳሁት።» ሰክሮ የሚነዳ ሰው ሲባል በእሱ አእምሮ የሚመጣው ማታ ከመጠጥ ቤት እየተንገዳገደ ወጥቶ መኪና የሚያስነሳ ሰው ነው። እሱ መኪናውን አቁሞ ነው የሚጠጣው። ግን እኮ አንድ ጠርሙስ ቢራ ከሰውነት ለመውጣት እስከ ሁለት ሰዓት ይፈልጋል። ቡና አያፋጥነውም፣ ቀዝቃዛ ውሃም አያፋጥነውም። ጉበት በራሱ ጊዜ ነው የሚሠራው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ድረስ አምስት ስድስት ጠርሙስ የጠጣ ሰው 11 ሰዓት ላይ ሲነሳ ከፊሉ ገና ደሙ ውስጥ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ለዱካኩ ብሎ ሁለት መለኪያ አረቄ ይጨምርበታል። ትራፊኮች ትንፋሽ ሲለኩ ያየሁት ደግሞ ማታ ማታ ነው። ጠዋት፣ ተማሪና ሠራተኛ መንገዱን ሲሞላው፣ ሲለኩ አይቼ አላውቅም።

ከሥራ ስወጣ ባለቤቱ ጋ ሄድኩ። ፖሊስ ልነግር አስቤያለሁ አልኳት። እንጀራ እየጋገረች ነበር። እጇን አላቆመችም።

«አንቺ ልጅ፣ ጎጆዬን ልታፈርሺው ነው?»

«እትዬ፣ ሰው ይገድላል።»

«በእኛ ቤት ጠቋሚ ወጥቶ አያውቅም» አለችኝ።

ይህ ቃል ለእሷ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። በደርግ ጊዜ ወንድሟን ከቤት የወሰዱት ጎረቤት ጠቁሞት ነው፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ስለዚህ ለመመለስ ጊዜ ወሰደብኝ። ወንድምሽ በሐሳቡ ነው የተጠቆመው፤ ማንንም አልነካም አልኳት። ዛሬ ዜብራው ላይ ስላየኋቸው ልጆችም ነገርኳት። ትንሿ የሷን የመጨረሻ ልጅ ታህላለች። እንጀራውን አወጣችና ሌላ ሊጥ ሳታፈስ ምጣዱ ላይ ዝም ብላ ቀረች።

ማታ ቤት ገብቼ የወንጀል ሕጉን አነበብኩ፣ የ1996ቱን። አንቀጽ 543። በቸልተኝነት ሰው የገደለ ሰው ቅጣቱ እንደሁኔታው ይለያያል። ጠጥቶ ራሱን መቆጣጠር አቅቶት ከሆነ የገደለው ግን ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። እኔ እስካሁን ስመዝን የነበረው በመናገርና ጎጆውን በማትረፍ መካከል ነበር። ዝም ብልም ለካ ጎጆው አይተርፍም። ዛሬ ፍሬኑ ግማሽ ሜትር ቢዘገይ ኖሮ እሱ አሁን እስር ቤት ነው፣ የዚያች ልጅ እናት ደግሞ ድንኳን ውስጥ።

ለባለንብረቱ ብቻ ልንገረው ብዬም አስቤ ነበር። መኪናውን ይቀበለዋል፣ ጋሼ በሳምንቱ ሌላ መኪና ያገኛል። ጎበዝ ሹፌር ነው፣ ማንም ይቀጥረዋል።

ስለዚህ እንዲህ አደርጋለሁ። ነገ መኪናውን ሳያስነሳ ቤቱ እደርሳለሁ። ከኋላው አልሄድም። ፊት ለፊት እነግረዋለሁ። ጋሼ፣ ዛሬ አትነዳም፣ አብረን ሐኪም ጋ እንሄዳለን፣ ከነገ ወዲያም እመጣለሁ እለዋለሁ። የቤት ወጪውን ለሁለት ወር እኔ እሸፍናለሁ፤ ያጠራቀምኩት አለኝ። ገፍቶኝ መኪናውን ካስነሳ እዚያው በሩ ላይ ቆሜ 991 እደውላለሁ። ታርጋውንም መስመሩንም እናገራለሁ። የደወልኩት እኔ መሆኔንም ከእኔው አፍ ይሰማዋል። ምናልባት ዳግመኛ አያናግረኝም። ይህን ስጽፍ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው።

አሁን፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ፣ እትዬ ደወለች። በሹክሹክታ ነው የምታወራው። እሱ ገና አልገባም።

«ሲተኛ ቁልፉን እወስድበታለሁ» አለች። «ግን ብቻዬን አልችለውም። በጊዜ ድረሺልኝ።»

አላርሙን 10 ሰዓት ላይ ሞልቼዋለሁ።